ያልተሸጡት ሠርገኞች

ስሙኝማ፤ ሠርግ ልወስዳችሁ ነው።

ሠርጉ ሜዳ ላይ ነው፤ ዛፎች ሥር፣ መሬቱ በእግር ብዛት በተደለደለበት ቦታ። ከፊት ያሉት ጥንዶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ይዘላሉ። የሴቶቹ ሽርጥ ይርገበገባል፤ የወንዶቹ ጉልበት ከፍ ይላል። በስተቀኝ በኩል ባግፓይፕ ነፊዎች ቆመዋል። ባግፓይፕ የምላችሁ ከእንስሳ ቆዳ የተሰፋ ከረጢት ነው። ነፊው በአፉ አየር ይሞላዋል፣ በክንዱ ይጫነዋል፣ አየሩም በተሰኩት ዋሽንቶች በኩል እየጮኸ ይወጣል። ነፊው ትንፋሽ ሲወስድ እንኳ ከረጢቱ አየር ስላለው ዜማው አይቋረጥም። ዜማው ካልተቋረጠ ደግሞ ጨፋሪው የት ያርፋል?

ከፊተኞቹ ጥንዶች ኋላ ሰው በሰው ላይ ነው። የሚሳሳም አለ፣ የሚጠጣ አለ፣ ቆሞ ሌላውን የሚያይ አለ። ሰማይ የለም ማለት ይቻላል፤ ሠዓሊው ከፍ ካለ ቦታ ቁልቁል ስላየው ሜዳው እስከ ላይኛው ጠርዝ ድረስ በሰው ተሞልቷል። የቆጠሩት ሰዎች 125 ሠርገኛ አግኝተዋል። እኔ ግን ከመቁጠር ይልቅ ቀዩን ቀለም ብቻ እየተከተላችሁ እንድታዩት እመክራችኋለሁ። አንዱ ቀይ ሱሪ፣ ከሱ ወዲያ ቀይ ቀሚስ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ቀይ። ነጩ የራስ ሻሽም እንዲሁ ነው። ዓይናችሁ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዘል ሳታስቡት ጭፈራው ውስጥ ትገባላችሁ። ሠዓሊው ይህን ያደረገው አስቦበት ነው።

ሙሽራዋስ? ሙሽራዋን በፀጉሯ ታገኟታላችሁ። ሌሎቹ ሴቶች ራሳቸውን በነጭ ጨርቅ ሲሸፍኑ፣ እሷ ቀይ ፀጉሯን ለቅቃ፣ በዘመኑ ወግ ጥቁር ቀሚስ ለብሳ ትጨፍራለች። አብሯት የሚጨፍረው በዕድሜ የገፋ ሰው ነው፤ አባቷ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ አሉ። ሙሽራው የቱ እንደሆነ ግን ለይቶ ማውጣት ያስቸግራል።

ሥዕሉ በእንጨት ጣውላ ላይ በዘይት ቀለም የተሣለ ነው። ቁመቱ 119 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዱ 157 ሴንቲ ሜትር ገደማ። የተሣለበት ዓመት በሮማውያን ቁጥር ተጽፎበታል፤ 1566። ዓመቶቹንና ቀኖቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ። ሠዓሊው አባትዬው ፒተር ብሩጌል ነው። አባትዬው ያልኩት በስሙ የሚጠራ፣ እንደሱ ሠዓሊ የሆነ ልጅ ስላለው ነው።

አሁን ወደ ሰውየው እንምጣ። ብሩጌል የከተማ ሰው ነበር። በ1551 የአንትወርፕ ሠዓሊያን ማኅበር አባል ሆነ፤ ኢጣሊያ ድረስ ሄዶ ተመለሰ፤ ሂሮኒመስ ኮክ ለሚባል የኅትመት ነጋዴ ብዙ ንድፍ ሠራ። በ1563 የመምህሩን የፒተር ኩክን ልጅ ማይከንን አግብቶ ብራስልስ ገባ። ደንበኞቹ ሀብታሞችና የተማሩ ሰዎች ነበሩ። እንዲህ ያለ ሰው የገበሬ ሠርግ ውስጥ ምን አገባው?

ካረል ቫን ማንደር የሚባል ጸሐፊ ነበር። በ1604፣ ብሩጌል በሞተ በ35 ዓመቱ፣ የሠዓሊያንን ታሪክ መጽሐፍ አድርጎ አሳተመ። እሱ እንደጻፈው፣ ብሩጌል ሃንስ ፍራንከርት የሚባል ነጋዴ ወዳጅ ነበረው። ሁለቱ ወዳጆች የገበሬ ልብስ ይለብሱና ወደ ገጠር ይወጣሉ። የደብር ክብረ በዓል ወይም ሠርግ ሲያገኙ ይገባሉ። ታዲያ ባዶ እጃቸውን አይደለም፤ እንደማንኛውም ዘመድ ስጦታ ይዘው ነው። ማን ናችሁ ሲባሉ ከሙሽራዋ ወገን ወይም ከሙሽራው ወገን ነን ይላሉ። ተቀምጠው ይበላሉ፣ ይጠጣሉ። ብሩጌል ሰዎቹ እንዴት እንደሚበሉ፣ እንዴት እንደሚዘሉ፣ እንዴት እንደሚፈላለጉ ሲያይ ይውላል።

ይህን ታሪክ ቫን ማንደር ከማን እንደሰማው አልነገረንም፤ በዓይኑም አላየውም። እኔ ግን ሥዕሉን ሳየው ነገሩ ቢያንስ በመንፈሱ እውነት ነው እላለሁ። ከሩቅ ያየ ሰው ሽርጥ ወገብ ላይ እንዴት እንደሚቋጠር አይሥልም። ከሩቅ ያየ ሰው፣ የሚዘል ገበሬ ክብደቱ በየትኛው እግሩ ላይ እንዳረፈ አያውቅም። ብሩጌል ያውቃል። ከጨፋሪዎቹ የአንዱን እግር ብትከተሉ ቀጥሎ የት እንደሚያርፍ ትናገራላችሁ።

አንዳንድ ሊቃውንት ሥዕሉ መሳለቂያ ነው ይላሉ። በዚያ ዘመን ቤተ ክርስቲያንም ሹማምንትም የገበሬን ጭፈራ አይወዱትም ነበር፤ ስካርና ዝሙት ያመጣል ብለው ይከለክሉትና ይገድቡት ነበር። ስለዚህ ብሩጌል ለከተሜ ደንበኞቹ ልቅ የሆነውን ገበሬ አሳይቶ ሊያስቃቸው ፈልጎ ነው ይባላል። ለዚህ ክርክር ዋና ማስረጃ የሚሆነው የወንዶቹ ሱሪ ነው። በዘመኑ ፋሽን ወንዶች ሱሪያቸው ፊት ለፊት ላይ እብጥ ያለ የጨርቅ ከረጢት ያስሩ ነበር፤ ብሩጌልም ሳይደብቅ ሥሎታል። በኋላ የመጣ አንድ እጅ ይህን አይቶ አፈረና በቀለም ሸፈነው። የተሸፈነው ተጠርጎ የብሩጌል ሥራ የታየው ሥዕሉ ሙዚየም ከገባ በኋላ ነው።

እኔ የመሳለቅን ትርጓሜ አልቀበለውም። የሚሳለቅ ሰው ፊትን ያጣምማል፤ ሰውን ሁሉ አንድ ዓይነት ያደርጋል። እዚህ ግን ከኋላ ተሰብስቦ የቆመው እንኳ የየራሱ አቋቋም አለው። ብሩጌል ቅዱሳን አላደረጋቸውም፤ ይጠጣሉ፣ ይመኛሉ፣ ይገፋፋሉ። ነገር ግን የሚገባቸውን ቦታ ሰጥቷቸዋል፤ ጣውላውን ሙሉ። በዚያ ዘመን ጣውላ ሙሉ ቦታ በአብዛኛው የሚሰጠው ለነገሥታት፣ ለመላእክትና ለጥንት አማልክት ነበር።

ዓመቱንም አስተውሉ። 1566 ለብሩጌል አገር ተራ ዓመት አልነበረም። አንትወርፕና ብራስልስ ያኔ ያሉባት ኔዘርላንድ በስፔኑ ንጉሥ በፊሊጶስ ሁለተኛ ሥር ነበረች። በዚያ በጋ የፕሮቴስታንቱ መምህር የካልቪን ተከታዮች ከከተማ ቅጥር ውጭ፣ ሜዳ ላይ ሕዝብ እየሰበሰቡ ይሰብኩ ነበር። ብሩጌል በዚሁ ዓመት መጥምቁ ዮሐንስ ጫካ ውስጥ ለብዙ ሕዝብ ሲሰብክ ሥሏል፤ ያ ሥዕል ዛሬ ቡዳፔስት ይገኛል። በነሐሴ ነገሩ ገነፈለ። ሰዎች አብያተ ክርስቲያናት እየገቡ ምስሎችንና ሐውልቶችን ሰባበሩ፤ አንትወርፕ ላይ የደረሰው ነሐሴ 20 ቀን ነው። አስቡት፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝብ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፣ ሥዕል ይሰበራል፣ ብሩጌል ደግሞ ሜዳ ላይ የተሰበሰበ ሕዝብ ይሥላል።

በሚቀጥለው ዓመት ንጉሡ የላከው የአልባ መስፍን 10,000 ያህል ወታደር አስከትሎ ብራስልስ ገባ። ያቋቋመው ችሎት ከ1,000 በላይ ሰው አስገደለ። ብሩጌል በ1569 በዚያችው ከተማ አረፈ። ቫን ማንደር እንደሚለው፣ ሊሞት ሲል ሚስቱ መዘዝ እንዳይመጣባት ብሎ አንዳንድ ስለታም ንድፎቹን እንድታቃጥል አዘዛት። ሁለት ትንንሽ ወንዶች ልጆች ትቶ ሄደ፤ ሁለቱም ሠዓሊ ሆኑ፤ ትልቁም የአባቱን ሥራዎች በብዛት እየቀዳ ኖረበት።

ከዚህ በኋላ ያለውን በአንድ እርምጃ ልለፈው። የሠርገኞቹ ሥዕል ከሰው እጅ ወደ ሰው እጅ ሲያልፍ ኖሮ በ1930 ለንደን ውስጥ ብቅ አለ። ያገኘው ዊልሄልም ቫለንቲነር የሚባል ጀርመን ተወላጅ የኪነ ጥበብ ሊቅ ነው። ቫለንቲነር በዚያን ጊዜ አሜሪካ፣ ሚሺጋን ውስጥ፣ የዲትሮይት የኪነ ጥበብ ሙዚየም ዳይሬክተር ነበር። ሥዕሉን ለሙዚየሙ አስገዛ። የከፈለችው የዲትሮይት ከተማ ናት።

ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ የከፈለችው ከተማዋ ናት። በአሜሪካ የብዙ ትልልቅ ሙዚየሞች ንብረት የሚያዘው ትርፍ በማይሠሩ የግል ድርጅቶች ስም ነው። የዲትሮይቱ ግን ከ1919 ጀምሮ የከተማዋ አስተዳደር አንድ ክፍል ነበር፤ እንደ ውኃና እንደ መንገድ መብራት። ከተማዋ ያኔ የመኪና ፋብሪካ ከተማ ነበረች፤ ገንዘብ ነበራት፤ በ1927 በዉድዋርድ ጎዳና ላይ ለሙዚየሙ ትልቅ የእብነ በረድ ሕንፃ ሠርታለታለች። ስለዚህ የብሩጌል ገበሬዎች የከተማ ንብረት ሆነው ተመዘገቡ። ከሁለት ዓመት በኋላ ይኸው ቫለንቲነር ሜክሲኳዊውን ሠዓሊ ዲዬጎ ሪቬራን አምጥቶ፣ በሙዚየሙ ግድግዳ ላይ የፎርድ ፋብሪካ ሠራተኞችን አሣለ። በአንድ ጣሪያ ሥር የሚጨፍሩ ገበሬዎችና ብረት የሚያንሱ ሠራተኞች ተገናኙ።

አሁን ዘመን ልዝለል። በ1950 ዲትሮይት 1.85 ሚሊዮን ሕዝብ ነበራት። በ2013 ወደ 700,000 ወርዳለች። ፋብሪካው ሄዷል፣ ሰው ሄዷል፣ ግብር ከፋዩ ሄዷል፤ ዕዳውና ጡረተኛው ግን ቀርተዋል። ሐምሌ 18 ቀን 2013 ከተማዋ ኪሳራ አወጀች። ዕዳዋ 18 ቢሊዮን ዶላር ተገመተ። እስከዚያ ቀን ድረስ በአሜሪካ ይህን ያህል ዕዳ ተሸክሞ ኪሳራ ያወጀ ከተማ አልነበረም።

አበዳሪ ምን ይላል? ያለህን ሽጥና ክፈለኝ ይላል። ዲትሮይት ምን አላት ተባለ። ሥዕል አላት። ክሪስቲስ የተባለው የጨረታ ድርጅት ተጠርቶ ከተማዋ በራሷ ገንዘብ የገዛቻቸውን ሥራዎች ገመተ፤ ከ454 እስከ 867 ሚሊዮን ዶላር ያወጣሉ አለ። ከሁሉ በላይ የተገመተው የትኛው መሰላችሁ? ሠርጉ ነው። ከ100 እስከ 200 ሚሊዮን ዶላር። ሠዓሊው ቫን ጎህ ራሱን የሣለበት ሥዕል እንኳ ከሱ በታች ነበር።

ይኸው እንግዲህ የነገሩ ክብደት። በአንድ ወገን እነዚያ ስማቸው የማይታወቅ 125 ሠርገኞች። በሌላው ወገን ከ30,000 የሚበልጡ የከተማዋ ሠራተኞችና ጡረተኞች፤ አውቶቡስ የነዱ፣ ቆሻሻ ያነሱ፣ እሳት ያጠፉ። የተራው ሠራተኛ የጡረታ አበል በአማካይ በዓመት 19,000 ዶላር ገደማ ነበር። ፖሊሶችና እሳት አጥፊዎች ደግሞ የፌዴራሉ የማኅበራዊ ዋስትና ጡረታ የላቸውም፤ ያላቸው የከተማዋ ጡረታ ብቻ ነው። ሥዕል ለሆድ ምን ይሆናል ያሉ ነበሩ፤ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። አንዲት በዕድሜ የገፋች ሴት ለመድኃኒት መክፈል ካልቻለች ግድግዳ ላይ ያለ ሠርግ ምን ያደርግላታል? ይህን ጥያቄ በንቀት የሚያልፍ ሰው ሥዕልን ይወዳል ብዬ አላምንም። እነዚያ ጡረተኞች እኮ ብሩጌል የሣላቸው ሰዎች ናቸው፤ በጉልበታቸው የሚኖሩ፣ ሠርግ ሲደርስ የሚጨፍሩ፣ ሹማምንት ሲወስኑ የማይጠየቁ።

የሚሺጋን ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሥዕሎቹ ለሕዝብ በአደራ የተያዙ ስለሆኑ ለዕዳ አይሸጡም የሚል አስተያየት ሰጡ። አበዳሪዎቹ አልተቀበሉትም። ነገሩ በፍርድ ቤት ቢገፋ ዓመታት ይፈጅ ነበር፤ ጡረተኛ ደግሞ ዓመታት የለውም።

ዳኛ ጄራልድ ሮዘን የሚባሉ የፌዴራል ዳኛ ነበሩ፤ በኪሳራው ጉዳይ ዋና ሸምጋይ ሆነው የተሾሙት እሳቸው ናቸው። እሳቸው አንድ ነገር አሰቡ። ሥዕሎቹን ከሚገዛ ባለጸጋ ፈንታ፣ ሥዕሎቹ እንዳይሸጡ የሚከፍል ቢገኝስ? ገንዘቡ ደግሞ ለባንኮች ሳይሆን ለጡረታው ቋት ቢገባስ? በኅዳር መጀመሪያ የትልልቅ በጎ አድራጎት ድርጅቶችን መሪዎች ሰበሰቡ። የፎርድ ፋውንዴሽን 125 ሚሊዮን፣ ክሬስጊ 100 ሚሊዮን፣ ናይት 30 ሚሊዮን ዶላር፤ እንዲህ እያለ ከድርጅቶቹ 366 ሚሊዮን ዶላር ተገኘ። የግዛቱ ምክር ቤት 195 ሚሊዮን ዶላር ፈቀደ። ሙዚየሙ ራሱ 100 ሚሊዮን ዶላር ከለጋሾች ለመሰብሰብ ቃል ገባ፤ ሦስቱ የመኪና ኩባንያዎች ብቻ 26 ሚሊዮን አዋጡ። ይህ ሁሉ ሲደመር 660 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሆነ። ታላቁ ስምምነት ብለው ጠሩት።

ነገር ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ ነበረበት፤ ጡረተኞቹ ራሳቸው እሺ ማለት ነበረባቸው። እዚህ ላይ ነው የዚህ ታሪክ ልብ ያለው። ስለዚህ ሥዕል ሲተረክ የለጋሾቹ ስም ይነሳል፤ የዳኛው ጥበብ ይነሳል። ድምፅ የሰጡት ጡረተኞች ግን ሁልጊዜ አይነሱም። የቀረበላቸው ምርጫ ከባድ ነበር። እሺ ካሉ ተራው ሠራተኛ ከአበሉ 4.5 በመቶ ይቆረጥበታል፤ ኑሮ ሲወደድ ይታከል የነበረው ጭማሪም ይቀርበታል። ፖሊስና እሳት አጥፊው ዋናው አበሉ አይነካም፣ ጭማሪው ግን ከግማሽ በታች ይወርዳል። ለጤና ሕክምና ከተማዋ ትሸፍንላቸው የነበረው ወጪ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ተቆረጠ። እምቢ ካሉ ሁሉም ቁርጥ ይከፋል። በዚያ ላይ እሺ ማለት ከተማዋን ዳግመኛ ለመክሰስ ያላቸውን መብት መተው ነበር።

በሐምሌ 2014 የድምፁ ውጤት ታወቀ። ከፖሊሶችና ከእሳት አጥፊዎች ወገን 82 በመቶ፣ ከተራ ሠራተኞች ወገን 73 በመቶ እሺ አሉ። ኅዳር 7 ቀን ዳኛ ስቲቨን ሮድስ ዕቅዱን አጸደቁ። በታኅሣሥ ዲትሮይት ከኪሳራ ወጣች። ሥዕሎቹም ከከተማዋ ስም ወጥተው ሙዚየሙን ወደሚያስተዳድረው ትርፍ የማይሠራ ድርጅት ስም ተዛወሩ፤ ለሕዝብ በአደራ፣ ለማንም ዕዳ እንዳይያዙ።

4.5 በመቶ ትንሽ ትመስላለች። ጭማሪው የቀረበት ሰው ግን ዋጋ በናረ ቁጥር ደጋግሞ ይከፍላል፤ ዛሬም እየከፈለ ነው። ስለዚህ ከሥዕሉ አጠገብ የለጋሽ ስም የሚጻፍ ከሆነ፣ የነዚያ ጡረተኞች ድርሻ በፍሬም ስፋት የሚጻፍበት ቦታ ይገባዋል ብዬ ከልቤ አምናለሁ። ሠርጉን ከጨረታ ያዳኑት እነሱም ናቸው፤ ከኪሳቸው።

ሌላ የከፈለም አለ። ከኪሳራው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በነሐሴ 2012፣ የዌይን፣ የኦክላንድና የማኮም አውራጃ ነዋሪዎች ለሙዚየሙ የሚሆን ትንሽ የቤት ግብር በራሳቸው ላይ በድምፅ ጥለዋል። 150,000 ዶላር የሚያወጣ ቤት ያለው ሰው በዓመት 15 ዶላር ገደማ ይከፍላል። በ2020 ደግሞ በድምፅ አራዘሙት። በውላቸው መሠረት የሦስቱ አውራጃ ነዋሪ መግቢያ አይከፍልም። ከወዲያ ማዶ የሄደ እንግዳ ቲኬት ይቆርጣል፤ አበሉ የተቆረጠበት የዲትሮይት አውቶቡስ ነጂ ግን ነዋሪነቱን አሳይቶ በነፃ ይገባል።